ሦስተኛው የጭስ ጉሮሮ

ሥራዬን ያስጣለኝ ጡረታ አይደለም፤ ትንሿ ጣቴ ናት። የጡረታው ወረቀትማ ከመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያውም ዕድሜዬን በሦስት ዓመት አሳድጎ። ያኔ ባለቤቴ ዘነበች ወረቀቱን አገላብጣ አይታ «እሰይ፣ ሽማግሌ መሆንህን መንግሥትም አመነ» አለችኝ። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት ባለው ግቢያችን፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ብረት መያዣ ሞርሳዬን ተክዬ የመኪና ቴስታታ ስሞርድ ኖርሁ። አምና የስኳር በሽታ የቀኝ እጄን ትንሽ ጣት አደነዘዛት። ሐኪሙ «አይዞዎት አባት፣ ትንሿ ጣት እንኳ ብዙ ሥራ የላትም» ሲለኝ ሳቄ መጣ። እሱ ምን ያውቃል! እኔ አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁት በእሷ ነው። ሌሎቹ ዘጠኙ አጃቢዎች ነበሩ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ቴስታታ ማለት ሞተሩ አናት ላይ የሚታሰረው ከባድ ክዳን ነው። በውስጡ አየር የሚገባባቸውና የተቃጠለው ጭስ የሚወጣባቸው መተላለፊያዎች አሉ። ያስተማረኝ ሰው «ጉሮሮ» ይላቸው ነበር፤ እኔም ሌላ ስም አላወጣሁላቸውም። ከፋብሪካ ሲመጡ ጉሮሮዎቹ ሸካራ ናቸው፤ ጉጥ አላቸው፤ ጭሱ እየተደናቀፈ ነው የሚወጣው። አሮጌው ጭስ ካልወጣ ደግሞ አዲስ አየር አይገባም። ቆላው ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ሲኬድ ግን ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ማቃሰት ይጀምራል። የእኔ ሥራ ያንን የጭስ ጉሮሮ እየሞረዱ ማስፋትና ማለስለስ ነበር።

ሰሞኑን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሚኒባሶች መጥተዋል። አንዱ ሾፌር ደጄ ላይ አቁሞ ኮፈኑን ከፈተና «አባባ ታደሰ፣ እስቲ ጉሮሮዋን ይዩልኝ» ብሎ አፌዘብኝ። መነጽሬን አጥልቄ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ጉሮሮ የላትም። ጭስም የላትም። እሷ ሳትተነፍስ ሄደች፤ እኔ እየተነፈስሁ ቀረሁ።

ሥራ የፈታ ሰው የሚሞርደው ሲያጣ ራሱን መሞረድ ይጀምራል። ካራቆሬ ውስጥ እንድሪስ የሚባል ሰው አለ፤ በእኔ እጅ ጥፋት ስሙ የጠፋ ሾፌር። አሥራ ሰባት ዓመት ዝም አልሁት። ከሁለታችን አንዳችን ሳንሞት እውነቱን ልነግረው ይገባኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው። ግን እኔ ቀጥታ መንገድ ስለማልወድ ከሩቁ ልነሣ።

ሥራ የጀመርሁት ደብረ ሲና፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። አለቃዬ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነበር፤ የተማርሁት መፍቻ ማቀበልና ለስድብ ጀርባ መስጠት ነው። ከዚያ ቆላ ወርጄ የመንገድ ሥራ ካምፕ ገባሁ። የካምፑ አለቃ ደግሞ አንዲት ብሎን ስትጠፋ ሁለት ገጽ ሪፖርት ያስጽፋል። በብሎን ብዛት የእጅ ጽሕፈቴ አማረ፤ ይኸው ዛሬ ጠቀመኝ። ካምፑ አቀበት ያደከማቸውን መኪናዎች ቴስታታ እያስፈታ ጋሼ ኡመር ወደሚባሉ ባለሙያ ቤት ይልክ ነበር። ተሸካሚው እኔ ነበርሁ። ተሸክሜ ገባሁ፤ ሥራቸውን አየሁ፤ መውጣቱን ረሳሁት።

ጋሼ ኡመር የይፋት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ንግግር የሚቆጥቡ። መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሰው ከሥራ በኋላ ነው የሚታጠበው፣ እሳቸው ግን በፊት። «የቆሸሸ እጅ ይዋሻል» ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሿን ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ይከትታሉ። ጥፍሯን ሁልጊዜ ከሥጋው ድረስ ነው የሚቆርጧት። ጉጡ የት እንዳለ፣ ጭሱ የት እንደሚጋጭ በጣታቸው ያያሉ። መሞረድ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በሻካራ ሞረድ፣ ቀጥሎ በቀጭን፣ መጨረሻ ላይ በእንጨት ዘንግ ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት።

የሥራው አደጋ ማቆሚያው ላይ ነው። ከጭሱ ጉሮሮ ግድግዳ ማዶ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ይመላለሳል። ግድግዳው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ማንም አያይም። ብዙ ከሞረድህ ይሳሳል፤ ከሳሳ አንድ ቀን አቀበት ላይ ይበሳል። ስለዚህ ጋሼ ኡመር በየጥቂቱ ሞረዱን አስቀምጠው ግድግዳውን በአሮጌ ቫልቭ ግንድ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ወፍራም ከሆነ እንደ ድንጋይ ደነዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሲሳሳ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል።

«ሲዘፍንልህ አቁም» አሉኝ አንድ ቀን። «ዘፈኑ ቢያምርም አቁም።»

ሞርደው ሲጨርሱ ደግሞ የላምባ ፈተና አለ። የጉሮሮውን ውስጥ በጠመኔ ነጭ ይቀቡታል። የውሃውን ክፍል ላምባ ሞልተው ይደፍኑትና ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ውሃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ላምባ ያልፍበታል። ከሶላት ሲመለሱ ጠመኔው ነጭ ከሆነ ሥራው አልቋል፤ ነጥብ የምታህል እርጥበት ከታየች ቴስታታው ለቁራሌ ነው። የአየር መግቢያውን ጉሮሮ በቀትሩ የዙህር ሶላት ይፈትኑታል። የጭሱን በኩል ግን ዓርብ ለጁምዓ ያቆዩታል፤ የዓርቡ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ረዥም ነዋ። ሾፌሮች ሰኞ አምጥተው እስከ ዓርብ ሲጉላሉ ያማርራሉ።

«ጋሼ፣ ለምን ሰዓት አያዩም?» አልኋቸው።

«ሰዓት ካየሁ እቸኩላለሁ» አሉኝ። «አላህ ፊት ስቆም ግን ላምባው ትዝ አይለኝም።»

እሳቸው ሲያርፉ ሞረዶቻቸውን ልጆቻቸው ለእኔ ሰጡኝ። ካምፑም ተዘጋ። ከኒሙ ሥር ተቀመጥሁና የጋሼ ኡመርን ሥራ ያዝሁ። ችግሩ እኔ ጁምዓ የለኝም። መጀመሪያ ላምባውን ሞልቼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄጄ፣ ተሳልሜ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትንሽ ቆይቼ እመለስ ነበር። ዘነበች ባሏ ጻድቅ የሆነ መስሏት ጎረቤት ሁሉ አወራች። በኋላ መንገዱ ራቀኝ፤ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ለወጥሁት። ቀጥሎ ሻዩን ሳላቀዘቅዝ መጠጣት ለመድሁ። ጽድቄም በዚያው ልክ አጠረ።

እንድሪስ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የአንድ ነጋዴ ሚኒባስ ይዞ ከአጣዬ ደብረ ሲና ይሠራል። መንገደኛው ተራውን ጠብቆ የሚሳፈረው የእሱን መኪና ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን አደራ ብለው ይልኩበታል። ቴስታታውን ይዞልኝ የመጣው ሐሙስ ነው። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሥራው አልቆ ነበር። አልቆ ነበር! እሱም ጣቱን ከትቶ ሞክሮ «መስታወት ሆነች እኮ ጋሼ፤ ይበቃታል» አለኝ።

እኔ ግን በዚያው ሰሞን የሠራኋት ሌላ ሚኒባስ ያን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ወጣች ተብሎ መናኸሪያው ሁሉ ስሜን ያነሣ ነበር። ሰው ሲያሞግሰኝ ጆሮዬ ብቻ አይደለም፣ እጄም ይሰማል። የእንድሪስ ደግሞ ከዚያች እንድትበልጥ ፈለግሁ። እሱ ለጁምዓ ሄደ። ላምባው መሞላት ያለበት በዚያች ሰዓት ነው። እኔ በዚያች ሰዓት ሞረዴን አንሥቼ ሦስተኛው ጉሮሮ ውስጥ ገባሁ። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። በቫልቭ ግንዱ ጠቅ አደረግሁት። ዘፈነ።

ሰማሁት። ጋሼ ኡመር ከመቃብር ሆነው ሳይሰሙት አይቀሩም። እኔ ግን ያልሰማሁ መሰልሁ።

እንድሪስ ተመልሶ «ፈተሹት ጋሼ?» አለ፤ ቸኩሎ ነበር፣ በማግሥቱ የቅዳሜ ገበያ ነው።

«እንዴታ!» አልሁት። በምላሴ አንዲት ቃል ነች።

ሦስት ሳምንት ያህል መኪናዋ አቀበቱን እየዘፈነች ወጣች። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ሰው ሞልታ ስትወጣ ከጭስ ማውጫዋ ነጭ እንፋሎት ለቀቀች፤ ሞተሩም ደርቆ ቀጥ አለ። ሞተር ሲቆም ፍሬኑም ጉልበት ያንሰዋል። ሚኒባሷ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። እንድሪስ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ባይጠመዝዘው ገደል ነበር። ሌላው ሰው ተላልጦና ተሰብሮ ዳነ። እትዬ ብርቄ የምትባል የደብረ ሲና ባቄላ ነጋዴ ግን በመስኮቱ በኩል ክንዷ ከሥር ገባ። ቀኝ እጇን ከክርኗ በላይ ቆረጡት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እንድሪስ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «የሙቀት መለኪያዋን ቀስት እያየሁ ነበር። ወረደች እንጂ አልወጣችም።» ሰው ሳቀበት። የመኪናው ባለቤት «ሞተር እየተቃጠለ ቀስት ይወርዳል እንዴ? ተኝተህ ነው!» አለው።

እኔ ግን እንደሚወርድ አውቃለሁ። ሙቀቱን የሚለካው ብልት ውሃው ውስጥ ነው የሚቆመው። ውሃው በቀዳዳ ሲያልቅ ባዶ ላይ ይቀራል፤ ባዶ ላይ የቀረ ብልት ምን ይለካል? ቀስቷ ትተኛለች። ሾፌሩ መኪናዋ የቀዘቀዘችለት ይመስለዋል። እንድሪስ ያየውን ነበር የተናገረው።

ቴስታታውን ፈትቼ እንድመረምር የሰጡት፣ ሌላ ማን ይኖራል፣ ለእኔ ነው። ጣቴን ሦስተኛው ጉሮሮ ውስጥ ከተትሁ። የማሾ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘችኝ፤ እኔ አላገኘኋትም፣ እሷ ናት ያገኘችኝ።

«እህስ ታደሰ፣ ምን አየህ?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ውሃ ሳይኖራት ተነድታለች» አልሁ።

ቃሉ እውነት ነው፤ ቀዳዳዋን ግን ዋጥኋት። ተናጋሪው ነው ውሸታሙ። እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያመነኝ አስተያየት ነበር። እሱ ራሱን ነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላመነው፤ ይህን ግን ያኔ አላወቅሁም። ሽማግሌዎቹ ወደ እትዬ ብርቄ ይዘውት ሄዱ፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃት፤ ማረችው። መኪናውን ግን ተቀማ። ካራቆሬ አባቱ መሬት ላይ ማሾ እየዘራ ነው ሲሉ ሰማሁ። ቴስታታውን «ለብረት ይሆነኛል» ብዬ ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትሁት።

እውነቱን የነገርኋት ዘነበችን ብቻ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አልጋው ሥር ስትጠርግ መጥረጊያዋን በዚያ ብረት ላይ ኳ ታደርጋለች፤ ቃል አትናገርም። አምና ጣቴ ስትደነዝዝ ግን ተናገረች።

«እግዚአብሔር ጣትህን ወስዶ ምላስህን ተወልህ» አለችኝ። «ሂድና ሥራበት።»

ቴስታታውን በማዳበሪያ ከረጢት አሰርሁና ለሚኒባሱ ረዳት አሸከምሁት። «አባባ፣ በግ ነው እንዴ?» አለኝ። «በግ ቢሆን በጮኸ» አልሁት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ።

እንድሪስ ከግቢው ማሾ ሲያበራይ አገኘሁት። ጢሙ ሸብቷል። «ጋሼ ታደሰ! አህለን፣ አህለን! ምን እግር ጣለዎት?» ብሎ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ቆንጆ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አጣዬን ሳልፍ ጠፍቶኛል። ከረጢቱን ፈታሁለት።

«ይሄ ያንተ ቴስታታ ነው» አልሁት። «ጣትህን ሦስተኛው ውስጥ ክተት። ወደ ግራ እጠፈው።»

ግራ ገብቶት ከተተ። ፈለገ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። አላወጣውም።

«በስብሶ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አልበሰበሰም። እኔ ነኝ ያሳሳሁት። አንተ ጁምዓ ስትሄድ። በላምባም አልፈተሽኩትም። ውሃው ያለቀው በእሷ ነው። ቀስቷ ወርዳለች ያልከው እውነትህን ነበር፤ መውረድ አለባት። ሽማግሌ ፊት አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ዶሮ ማሾውን ስትለቅም አባረራት። ሌላ መጣች፤ እሷን አላባረራትም።

«አልተኛሁም ነበር» አለ።

«አልተኛህም።»

«ወላሂ አልተኛሁም ነበር!» ብሎ ተነሣ። «ሁሉም ተኝተህ ነው ሲሉኝ፣ ሲሉኝ፣ ሲሉኝ... እኔም እንግዲህ ሳላውቀው አንቀላፍቼ ይሆናል አልኩ። ቀስቷን ያየሁት በሕልሜ ይሆናል አልኩ። ለሚስቴ እንኳ ተኝቼ ነበር ብዬ ነገርኳት። አንተ ሽማግሌ፣ የገዛ ዓይኔን ነው እኮ የሰረቅኸኝ!»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ይለኝ ነበር። ቢመታኝ ደስ ባለኝ። አልመታኝም።

«አፉ በለኝ እንድሪስ» አልሁት።

«እኔን ተወኝ» አለ። «እትዬ ብርቄ የማረችው እኔን ነው፤ ባላጠፋሁት። ያንተን ይቅርታ እኔ ወስጄ አሥራ ሰባት ዓመት በልቼዋለሁ። የሰው ሐቅ ነው። ተነሥ፣ እንመልስላት።»

በማግሥቱ ደብረ ሲና ወጣን። ጉም ነበር። እትዬ ብርቄ ደጇ ላይ ሽሮ እህል ዘርግታ በአንድ እጇ ትለቅማለች። እንድሪስን ስታይ «እንድሬ! ቀንህ ሳይደርስ?» አለች። ያኔ ነው ያወቅሁት፤ እንድሪስ ከዚያ አደጋ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየወጣ ሁለት እጅ የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ይሠራላት ኖሯል። እንጨት ይፈልጣል፣ ጆንያ ያስራል፣ የታጠበ ብርድ ልብስ ይጨምቃል። ማንም አላዘዘውም።

ነገርኋት። ቆሜ ነው የነገርኋት፤ ቀልድ ሳልጨምር፤ እኔ ይህን ያህል ረዥም ነገር ያለ ቀልድ ተናግሬ አላውቅም። እስክጨርስ እህሉን መልቀሟን አላቆመችም። ስጨርስ አቆመች፤ ያየችው ግን እኔን አይደለም።

«እንድሬ፣ ወንድሜን» አለች። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ልታደርግ ትመጣ ነበር?» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች።

«እትዬ፣ ይበሉ ተዉ፣ አያልቅሱ» ይላታል እሱ፤ እሱም ያለቅሳል። እኔ መሐላቸው እንደ ጉቶ ቆሜያለሁ። ስለተቆረጠው እጇ አላለቀሰችም። ስለ እሱ ነው።

ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይቅርታ ነው የፈለጉት?»

«አዎ እትዬ።»

«አንድ ነበረኝ። ለእሱ ሰጠሁት፤ ስሰጠው ደግሞ ቀላል አልነበረም፣ ከልቤ እስኪሆን ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ውሰጂና መልሺ አይባልም። ለእርስዎ ሌላ የለኝም። ይመጣልኝ እንደሆን አላውቅም።» እህሉን መልቀም ጀመረች። «ሰኞ ይምጡ። የሚፈለጥ እንጨት አለ።»

በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ ሰኞ እወጣለሁ። አንዷን ግንድ እሷ ሁለት ቅል የሽሮ እህል እስክትለቅም ነው የምፈልጣት፤ ታየኛለች፣ አትስቅም። ስለ ይቅርታው አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያን ቀን ግን ከእንድሪስ ጋር ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሾፌሩ «እዚህ ግቡ እንጂ አባቶች» ቢለን እንድሪስ አልፎ ኋለኛው ወንበር ጥግ ተቀመጠ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ገብተን ልወርድ ስነሣ እጅጌዬን ያዘኝ። አንቱታውን መልሶልኝ ነበር።

«ጋሼ ታደሰ፣ ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰው መኪናዬን ንዳልኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ባለቤቶቹ አልፈሩኝም እኮ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ እንቅልፋም ነኝ፣ ሰው እጨርሳለሁ ብዬ።»

«አሁንስ?» አልሁት።

«አሁንማ ዓይኔ ደክሟል» አለ።

ረዳቱ «የካራቆሬ፣ የካራቆሬ» እያለ በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ ሲወጣ እንድሪስ በመስኮቱ አላየኝም፤ ከሾፌሩ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት መንገዱን ነበር የሚያየው።